ድንጋይ ላይ ሳይሰመር

«እንዳታለቅሺ» አለች ጎረቤቷ ፑሪ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ከዴቭካ ጎን ቁጭ እያለች። «እንባ ነፍስን ያስራል። ላንቺም አይበጅ፣ ለሄደችውም አይበጅ።»

«ማን አለቀሰ?» አለች ዴቭካ።

እውነቷን ነው። ሞንጊ ካረፈች ወዲህ ከዴቭካ ዓይን ጠብ ያለ እንባ የለም። ነጭ ሳሪዋን ለብሳ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ እጇን አጣምራ ትቀበላለች። ሴቶቹ ገብተው ሰሌኑ ላይ ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ይተነፍሳሉ፣ «ነፍስ መንገደኛ ናት» ይላሉ፣ ከዚያ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተነስተው ይሄዳሉ። በለቅሶ ቤት ውሃ አይቀመስም። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ ደግሞ ይንሾካሾካሉ።

«አየሽልኝ? እንደ እናቷ የነበረች ሴት ሞታባት አንዲት ዘለላ እንባ የለም።»

«ትምህርቱ ገብቷታል። የምንንጫጫው እኛ ነን እንጂ።»

«ታድላ!»

ዴቭካ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ታድላ! ያላለቀሰችው ተናዳ ነው። ዝም ያለችው ደግሞ ፈርታ ነው።

የፈራችው ሬሳ አይደለም። ሞንጊ የሞተች ዕለት ተቃጥላለች፤ ልጆቿም ከቦምቤይ የእህል ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ውጭ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠዋል። በእኛ በጃይኖች ሃይማኖት ለሞተ ሰው ምግብ አይቀርብም፤ ማን ሊበላው? ነፍስ እንደሆነች ዓይን እስኪጨፈን አትጠብቅም፣ ካንዱ ቤት ወጥታ ሌላው ቤት ገብታለች። ሞንጊ አሁን የሆነ ቦታ አለች። በሴት ማህፀን ይሁን በጉድጓድ ውሃ፣ ክንፍ ይኑራት ቀንድ፣ የሚያውቅ የለም።

ዴቭካ የፈራችው በሁለቱ መሃል የተቋጠረውን ነው። ሞንጊና እሷ ተቀያይመው ነበር። አንድ ግቢ እየኖሩ፣ ካንድ ጉድጓድ እየቀዱ፣ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን እስኪቀር ቃል አልተለዋወጡም። አሁን የጾሙ ሳምንት ገብቷል፤ መጨረሻው የይቅርታ ቀን ነው። የሰው ቂም ያንን ቀን ከተሻገረ ቂም መባሉ ይቀራል፤ ከነፍስ ጋር ይጋባል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?» አለች ፑሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሲሞት ያሰበው ነው የሚወስደው። ስለ ላሟ አስባ ከሆነ...»

«እኔ ጓዳ ነበርኩ።»

«አልሰማሽም?»

«ምስር እለቅም ነበር አልኩሽ እኮ!»

 ዴቭካ ግን ሰምታለች። ሞንጊ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ በዚያ በደከመ ድምፅዋ፣ «ዴቭካ» ብላለች። አንድ ጊዜ። ዴቭካም እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም። ትንሽ ቆይቶ ዋርሳዋ፣ የሞንጊ ባል ቬልጂ፣ ሲያስል ሰማች። ሁለት ጊዜ ሳለ። ሊያልፍ ነው ብላ የሳሪዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ጠበቀች። ማንም አላለፈም። ስትገልጠው ቤቱ ጸጥ ብሏል።

እንግዲህ የሞንጊ የመጨረሻ ሐሳብ ማን እንደሆነ ዴቭካ አጥታው አይደለም። ራሷ ናት።

*

ወደዚህ ግቢ ሙሽራ ሆና ስትመጣ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አማቷ በሕይወት የለችም፤ ቤቱን የያዘችው የታላቅየው ወንድም ሚስት ሞንጊ ናት። በሁለተኛው ቀን ማለዳ እጇን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ወሰደቻት።

በግቢው ጀርባ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንዱ ጣፋጭ ነው፣ የሚጠጣ። ሌላው ጨው ጨው ይላል፤ እሱ ለልብስና ለዕቃ ነው።

«ያባትሽ ቤት ውሃ ስታጠልዪ ጨርቁን ስንት ታጥፊዋለሽ?» አለቻት።

«ሁለት፣ እትዬ።»

«ደህና አሳድገውሻል። ጨርቁ ላይ የቀሩትንስ ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

ዴቭካ አፈረች። አባቷ ቤት ይህን የምትሠራው እናቷ ነበረች። ሞንጊ ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ፣ ጨርቁን ገልብጣ በተጠለለ ውሃ አጠበችና እጣቢውን ትንሽ ባልዲ ውስጥ አደረገችው። ባልዲው ሥሩ ላይ ቀለበት አለው። እዚያ ሁለተኛ ገመድ ስለሚታሰር ውሃው ዘንድ ሲደርስ እሱን ሲስቡት ቀስ ብሎ ይገለበጣል፤ ከላይ ቢደፉት ግን በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት ውሃው ላይ ወድቀው ይሞታሉ።

«ከየትኛው መጡ?»

«ከጣፋጩ።»

«እንግዲያው ወደ ጣፋጩ። ልጆቹን አገራቸው መልሺ። ሰው ተሰዶም ይኖራል፣ እነዚህ ግን ጨው ላይ አንዲት ቀን አያድሩም።»

«ልጆቹ» ነበር የምትላቸው። ማታ ስትገባ «ልጆቹን መልሰሻል?» ነበር ጥያቄዋ። ዴቭካ የወለደቻት እናት እንኳ እንዲህ እንደማትጠይቃት ታውቃለች።

የዴቭካ የራሷ ልጆች ግን አልቆሙም። ሦስት ወለደች። አንዱም ጥርስ አላበቀለም። ለመጨረሻዋ ስትጮህ ሞንጊ ናት አፏን በእጇ ይዛ «በቃ፣ በቃ፣ እንዳታስሪያት፣ ትሂድ» ያለቻት። ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለወንዶቹ የሰጠችውም ሞንጊ ናት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የዴቭካ ባል ካንጂ ቦምቤይ ታሞ ሞተ። ከእንግዲህ ያባቷ ቤት ትመለሳለች ሲባል ሞንጊ በሩ ላይ ቆማ «ወዴት ነው የምትመለሰው? ቤቷ እዚህ አይደለም እንዴ!» ብላ ዘመዶቿን ስትመልስ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ዴቭካ እነዚህን ነገሮች ማስታወስ አትፈልግም። ቂሟን ያላሉባታል።

*

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ስትቀዳ እንቁራሪት ወጣች።

ባልዲው ውስጥ፣ ቁጢጥ ብላ። ዴቭካ ገመዱን ልትለቀው ምንም አልቀራት። እንቁራሪቷ ጉሮሮዋን እያነሳች እየጣለች ታያታለች።

«ውይ!» አለች ፑሪ፣ እንስራዋን ይዛ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ። «እሷ ናት!»

«ማን?»

«ማን ትሆናለች! ዓይኗን እዪው። ጨው ልበደር ስመጣ እንዲህ አፍጥጣ ነበር የምታየኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አታሟርቺ። ከትናንት ወዲያ የሞተች ሰው እንዴት ይቺን ታክላለች?»

«በዝናብ ጊዜ እናት የሌላቸው አሉ፣ ከውሃና ከጭቃ ራሳቸው የሚፈሉ። ወዲያው ነው የሚያድጉት። መነኩሲቷ ያስተማረች ጊዜ የት ነበርሽ? ተኝተሽ ነበር?»

«ያንኮራፋሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው!» አለች ፑሪ ቱግ ብላ። ወዲያው ግን ድምፅዋ ወረደ። «ዴቭካ፣ ጉድጓዱን ትወደው ነበር እኮ። አንቺን ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ዴቭካ ባልዲውን ወደ ታች መለሰችው፤ ውሃው ጋ ሲደርስ እንቁራሪቷ ስትጠልቅ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። 

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሯን የምታሳርፍበት ጠፋት። ምድጃው አጠገብ ጉንዳን ስታይ ትቆማለች። ግድግዳው ላይ ያለችው እንሽላሊት አንገቷን ስታዞር፣ ወደ እኔ ነው ያዞረችው ትላለች። ከምስሩ ውስጥ ነቀዝ ወጥቶ መዳፏ ላይ ሲሄድ ጣቷን መዘርጋትም ማጠፍም አቅቷት ቆይታለች። ስትፈልገኝ ነው የሞተችው፣ ወደ ፈለገችው ነው የምትመጣው። ምን ሆና? ተናዳ? ነው ወይስ የጀመረችውን ስድብ ልትጨርስ? ረግጬ ብገድላትስ? በቂም ላይ ደም!

ቤቱም ጭር ብሎባታል። በአገሩ ልማድ ሴት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን አታሳይም፣ ስሙን አትጠራም፣ አታናግረውም። እሱም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ዘመን በመሃል ሆና የምታመላልሰው ሞንጊ ነበረች፤ «ራት ደርሷል በይው»፣ «ሻዩ ስኳር አንሶታል በያት»። ተኳርፈው እንኳ ሞንጊ ለባሏ ትናገራለች፣ ዴቭካ ትሰማለች። አሁን ሽማግሌው ቂጣው ሲቀርብለት ካልሆነ መድረሱን አያውቅም፤ ሲጠማው የሚጠይቀው የለም። ያስላል። ዴቭካ ትሸፈናለች። ምን ፈልጎ እንደሆነ እግሯን እየጎተተች ትገምታለች።

*

መነኩሲቷ ወጣት ናት፤ እንደ ሥርዓታቸው ጠጉሯን የነጨችበት ራሷ ቁስል ቁስል ብሏል። ዝናቡ እስኪያልፍ ከጓደኞቿ ጋር በመንደሩ ጸሎት ቤት አርፋለች። ትንፋሿ ትናንሽ ነፍሳትን እንዳይጎዳ አፏን በሸፈነችው ነጭ ጨርቅ ውስጥ ነው የምትናገረው። አምና የነበሩት ሌሎች ነበሩና ስለ ዴቭካ የምታውቀው የለም። ዴቭካ ግንባሯን መሬት አስነክታ ተነሳችና ሰው እስኪሄድ ጠበቀች።

«እማሆይ፣ የሞተ ሰው ይቅር ይባላል?»

«እሷ እንደሆነች ከእንግዲህ ስሟንም አታውቀው። ይቅርታው ላንቺ ነው። የቆየ ቂም ነው?»

«አምና፣ የይቅርታው ቀን ባለፈ በሳምንቱ።»

«እንግዲያው ገና አፈር ላይ ነሽ» አለች መነኩሲቷ። «ቂም ውሃ ላይ እንደተሰመረ መስመር የሚሆንለት ሰው አለ፤ ጣቱን ሳያነሳ ይጠፋለታል። አሸዋ ላይ የሚሆንለት አለ፤ ነፋስ ያብሰዋል። ደርቆ እንደተሰነጠቀ አፈርም አለ፤ እሱ ዝናብ ይፈልጋል። የይቅርታውን ቀን ከተሻገረ ግን ድንጋይ ላይ የተሰመረ ነው። ሞትም አይፍቀውም። ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

«ወዴት?»

«እሷ ወዳለችበት። እናትሽ ትሆናለች፣ ወይ ልጅሽ ትሆናለች። አንዳችሁ ድመት ሌላችሁ አይጥ ትሆናላችሁ፣ ደግሞ ተገላቢጦሽ።»

ልጅሽ ትሆናለች። ዴቭካን ብርድ ብርድ አላት። ሦስቱ ልጆቿ የየትኛው ዘመን ቂም ነበሩ? መጥተው፣ ልቧን በልተው፣ የሄዱት?

«እኔ እኮ አልበደልኩም፣ እማሆይ። በዳይዋ እሷ ናት።»

«ማን በደለ ብዬ ጠየቅሁሽ? ሰውነቱን ዘይት ተቀብቶ አቧራ ላይ የተንከባለለ ሰው፣ አቧራውን ማን አመጣው ብሎ ይጣላል? አቧራ የትም አለ። ካርማም፣ ነፍስ ላይ የሚቀረው የሥራ ዕዳ፣ እንደዚያ ነው፣ የትም አለ። የሚያጣብቀው ዘይቱ ነው። ዘይቱ ደግሞ ያንቺ ነው።»

«አፌ እንቢ አለኝ።»

«አፍሽን አልጠየቅሁሽም» አለች መነኩሲቷ፣ ዓይኗን ወደ ጸሎቷ እየመለሰች።

ዴቭካ ስትወጣ ያችን ቦታ ረግጣ ነው ያለፈችው፤ ከበሩ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር ያለችውን። ሞንጊ ያን ቃል የተናገረችው እዚያ ተቀምጣ ነበር።

አምና፣ የይቅርታው ሰሞን እንዳለፈ፣ ያ ሥሩ ቀለበት ያለው ባልዲ ጨዋማው ጉድጓድ አፍ ላይ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ማንም ይሁን፣ ከጣፋጩ የተጠለሉትን ጨው ውስጥ ለቋቸዋል። ወሬው ጸሎት ቤት ደረሰ። የዚያን ጊዜዋ ሽማግሌ መነኩሲት ሴቶቹን ሰብስባ «ስህተት ከሆነ ትናገር፣ ቅጣቷን ትቀበል፣ ቀላል ነው» አለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ባልዲው የነሱ ግቢ ነው፤ የሁሉም ዓይን በሁለቱ ላይ ነው። ያኔ ሞንጊ ማንንም ሳታይ፣ ወለሉን እያየች፣ «ለዴቭካ ልጅ የማይቆምላት ለምን ይመስላችኋል?» አለች።

ሰው ሁሉ ገባው። ዴቭካ ተነስታ ወጣች። አልጮኸችም፣ አልማለችም። እሷ እንዳላደረገችው ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ያንኑ ነገር ታመነዥካለች። በዚህ ልደት ባላደርገው በሌላው አድርጌው ይሆናል። የስንቱን ልጅ ጨው ላይ ደፍቼ ነው? እሺ፣ እውነት ቢሆንስ! እሷ ትበለው? ሕፃናቴን በእጇ የጠቀለለችው እሷ?

አንድ ቀን በበጋው ሞንጊ ጓዳው ደፍ ላይ መጥታ ቆማ ነበር። የበሩን መቃን ይዛ፣ ምንም ሳትል። ዴቭካ ፊቷን አዙራ ድስቷን ፈተገች። ቆይታ ቆይታ ሄደች።

*

ከይቅርታው ቀን በፊት በነበረው ከሰዓት የሞንጊ ልጆች ወደ ጸሎት ቤት ሄደው ግቢው ባዶ ነበር። ዴቭካ ጓዳ ናት። ቬልጂ ሲያስል ሰማች፤ ተሸፈነች። አላለፈም። ከጓዳው መስኮት ሥር ላሚቱ ታስራለች፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የጉልበቱ ድምፅ ተሰማ።

«ላሚቱ» አለ ሽማግሌው። «አንድ ነገር ልንገርሽ። የሚሰማ ካለ ይስማ።»

ላሟ አመነዠከች።

«ሞንጊ ዓይኗ ደክሞ ነበር። ድሮ ነው፣ ከሦስት ዝናብ በፊት። አትናገር አለችኝ። ልጆቹ ቦምቤይ ወስደው ያስቀምጡኛል፣ ቤቴን ትቼ አልሄድም አለች። ጉድጓዱን ከጉድጓድ የምትለየው በእጇ ነበር፤ የጣፋጩን ድንጋይ ገመድ በልቶታል፣ ትዳስሰዋለች። ያን ቀን ዝናብ መጣባት። ቸኮለች። ባልዲውን ከለቀቀችው በኋላ ነው እጇ ድንጋዩን የነካው፣ ልሙጡን፣ የጨዋማውን። እዚያው ጥላው ገባች። ስትንቀጠቀጥ፣ ወባ መስሎኝ ብርድ ልብስ ደረብኩላት።»

ዴቭካ የያዘችውን ማንኪያ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«መነኩሲቷ ስትጠይቅ፣ ላሚቱ፣ ፈራች። ሌላ አይደለም። ያቺ መካሪ፣ ያቺ ሁሉን አስተማሪ፣ ልጆቹን ጨው ውስጥ ገለበጠች ሊባል ነው። ፍርሃት ነው ያንን ያናገራት። ቤት ገብታ አፏን በጥፊ ስትመታ አይቻለሁ። በኋላ ለመነኩሲቷ ለብቻዋ ተናዘዘች። ዓመቱን ሙሉ በቀን አንዴ ብቻ ብዪ ብላ ሰጠቻት።»

ያንን ዴቭካ አይታለች። ቀትር ላይ አንዴ ተቀምጣ በልታ ከዚያ እህል አፏ አይገባም ነበር። ስትከሳ፣ አጥንቷ ሲወጣ ሁሉ አይታለች፤ «ለታይታ ነው» ብላለች በልቧ።

«ይቅርታ ለሚገባት ንገሪያት እንጂ አልኳት። ሄጄ ነበር አለች፤ ፊቷን አዞረችብኝ። የይቅርታው ቀን ይምጣ፣ ያን ቀን ማንም በማንም ላይ ፊቱን አያዞርም፣ ያን ቀን እነግራታለሁ አለች። ስትጠብቅ...» ከመሬት ጭድ አንስቶ ለላሟ ሰጣት። «የሞተች ዕለት ዴቭካን ጥራልኝ አለችኝ። ራሷም ጠራች፣ ድምፅ የላትም።»

ላሟ ጭዱን ጨረሰች። 

ዴቭካ ተነሳች። መስኮቱ ጋ ቆመች። የሳሪዋ ጫፍ ፊቷ ላይ ነው፣ ከውስጡ ግን የወጣው ድምፅ ሞንጊ ብትሰማው በደነገጠች ነበር።

«ለምን አልጠሩኝም?»

ሽማግሌው ከተቀመጠበት ደንግጦ ብድግ አለ። ይህች ሴት እዚህ ግቢ ስንት ዘመኗ ነው፣ ድምፅዋ ወደ እሱ ሲዞር የመጀመሪያው ነው።

«ለምን አልጠሩኝም? ያለሁት እዚህ ጓዳ! አስር እርምጃ አይሞላም! ዴቭካ ነዪ ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

«ሳልኩ» አለ ቬልጂ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ሁለት ጊዜ ሳልኩ እኮ።»

*

ይቅር ያለች መስሎህ ይሆናል፣ አንባቢ። አላለችም። ያን ቀን የባሰ ተናደደች። ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ ልጆቼን እኔ ገደልኳቸው ወይ ስል፣ እሷ እያወቀች እኔ አጠገብ ተኝታ! ይህን ትልና ወዲያው ፍርሃቱ ይመጣባታል። ሞንጊ ቋጠሮውን ይዛ መጥታ ነበር። ፍቺልኝ ሳትል እጇ ላይ እንደተቋጠረ ሄደች። የትም ትሁን፣ ለምን እንደከበዳት ሳታውቅ ይዛው ትዞራለች። ጾሙስ? በባዶ ሆዷ የከሳችው፣ የሞተችው በማን ምክንያት ነው? እንግዲህ በዳዩ ማን ሆነ? ተበዳይስ? ዴቭካ መለየት አቃታት። ይቅር ብዬሻለሁ ልትል አፏን ስትከፍት የሚመጣላት ስድብ ነው፤ ስድቡን ስትውጠው ይቅር በይኝ የሚለው ይመጣል፣ እሱም ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል።

የይቅርታው ቀን ነጋ። መንደሩ በሙሉ ውሃም ሳይቀምስ ዋለ። ፀሐይ ሲያዘነብል ሴቶቹ ጸሎት ቤቱን ሞሉት፤ ሐዘን ያለበት ቤት በሩ አካባቢ ነው የሚቀመጠው። ጸሎቱ ረጅም ነው። ለምድሩ፣ ለውሃው፣ ለእሳቱ፣ ለነፋሱ፣ ቅጠል ውስጥ ላሉት፣ እግር ላላቸውና ለሌላቸው፣ አውቄም ሆነ ሳላውቅ ለጎዳሁት ሁሉ። መብራት አይበራም። ብርሃኑ ከመስኮቶቹ እየሸሸ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ሲጠፋ ቀኑ አለቀ፣ የሆነውም ሆነ፣ የቀረውም ቀረ።

ከዚያ ሰው ወደ ሰው ዞረ። እናት ለልጅ፣ ምራት ለአማት፣ እጅ ተጣምሮ ራስ ዝቅ ይላል።

ፑሪ በጉልበቷ እየዳኸች መጣች። «ዴቭካ፣ ዓመቱን ሙሉ ያማሁሽን ይቅር በዪኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ይቅር በዪ እንጂ ሴትዮ፣ መርማሪ ነሽ እንዴ!»

«ይቅር ብያለሁ። አንቺም ይቅር በዪኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ብለሽ ነው?» አለች ፑሪ ዓይኗን አጥብባ፤ ሳቋ መጣና በሳሪዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

ሌሎቹም መጡ። ዴቭካ ለሁሉም አለች፣ ከሁሉም ተቀበለች። ቀላል ነበር፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። ውጭ ከወንዶቹ መሃል አንድ ሳል ሰማች፣ ወደዚያም ዞራ እጇን አጣመረች።

በቀኟ ያለው ወለል ባዶ ነበር። ሙሽራ ሆና ከመጣች ጀምሮ በየዓመቱ በቀኟ የምትቀመጠው አንድ ሰው ናት፤ አምና ሳይቀር፣ ያ ነገር ከመሆኑ በፊት። ማንም ሳይነጋገር ሴቶቹ ቦታውን ትተውታል። ዴቭካ ወደዚያ መዞር ፈራች። ከዞረች መናገር አለባት።

ብርሃኑ የግድግዳውን ግማሽ ለቀቀ። መስኮቱ ላይ ትንሽ ቀረ።  ዞረች። «ሞንጊ» ለማለት ከንፈሯን ገጠመች፤ ስሙ ራሱ አልወጣ አለ። መስኮቱ ጠቆረ። አሁን ያለው ጣሪያው ላይ ብቻ ነው፣ አንድ እጅ የምታክል።

ሰው ከመቀመጡ በፊት፣ ከሥሩ ምንም ነፍስ ያለው እንዳይጨፈለቅ፣ ወለሉ በለስላሳ የሱፍ መጥረጊያ ይጠረጋል። እያንዳንዷ ሴት የራሷ አላት፣ ለራሷ መቀመጫ ብቻ። የማይቀመጥ ሰው አይጠረግለትም።

ዴቭካ መጥረጊያዋን ከጭኗ ላይ አነሳች። ምንጣፏን ወደ ግራ ሳብ አድርጋ ጠጋ አለች። ባዶውን ወለል ቀስ አድርጋ መጥረግ ጀመረች፤ እንባዋ እጇ ላይ ሲወርድም አላቆመችም። አጠገቧ ያለችው ፑሪ አየቻትና ሳትጠየቅ እሷም ትንሽ ጠጋ አለች። ለአንድ ሰው የሚበቃውን ያህል ከጠረገች በኋላ ዴቭካ አሁንም ጨመረችበት፤ ሞንጊ ከመክሳቷ በፊት ሰፊ ሴት ነበረች።